ለአኳሪየም የተለቀመ ድንጋይ፦ ከአንድ የባሕር ዳር ቤት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው። ጣና ወደ ኋላ የሚሸሽበት፣ የዳርቻው ጥቁር ድንጋይ ብቅ የሚልበት ወቅት ነው። ባሕር ዳር የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሳሎናቸው ውስጥ ያለውን አኳሪየም በድንጋይ ሊያስውቡ አሰቡ። ሐሳቡ የልጅ ልጃቸው ነበር። "የሐይቁን ወለል እናስመስለው" አላቸው። እሳቸውም ወደዱት።

አኳሪየሙን የገጣጠመው የሰፈር መስታወት ሠራተኛ ነው። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 128 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ያሉት ጎልድፊሾች ናቸው። ድንጋይም አሸዋም በሌለው ወለል ላይ ለወራት ያለ ምንም ችግር ኖረዋል።

አያትና ልጅ ድንጋዩን ለቃቅመው ቤት አደረሱ። ከዚያ "ጀርሙ ይሙት" ብለው ጥቂቱን በትልቅ ድስት ከሰል ላይ ጣዱት። ውሃው ሲንተከተክ ቆይቶ አንዱ ድንጋይ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ክዳኑ ተነሳ፤ ፍል ውሃው በረንዳው ላይ ተረጨ። ደግነቱ ልጁ አጠገቡ አልነበረም። እኔ ዓሣ እንደማረባ ስለሚያውቁ የዚያኑ ቀን ደወሉልኝ።

ስደርስ ድስቱ ወርዷል። ድንጋዮቹ ሳፋ ውስጥ ተዘርግፈዋል።

"ልጄ፣ አሁን ምን ይሻላል? በረኪና ውስጥ እንዘፍዝፈው?" አሉኝ።

"መምህር፣ በረኪናው ይደርሳል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ከደጅ ድንጋይ ሲያመጣ የሚያስበው ስለ ማጠብ ነው። ማጠብ ግን የሚያነሳው ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ድንጋዩ ራሱ ከምን እንደተሠራ አይለውጥም። ለውሃው የማይሆን ድንጋይ አሥር ጊዜ ቢፈገፈግም አይሆንም። ስለዚህ ከጽዳቱ በፊት መለየት ይቀድማል።

ስለ መሰንጠቁ ግን አስቀድሜ ላስረዳ፤ ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር ነውና። የጣና ዙሪያ ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው። ሐይቁም የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የዓባይን መውጫ ስለገደበው ነው። ይህ ባዛልት ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ፍሳሹ ሲቀዘቅዝ ጋዙ የተወው ቦታ ነው። ለዘመናት ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ በእነዚያ ቀዳዳዎችና በሽንቁሮቹ ውሃ ይቋጥራል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የድስቱ ቂጥ ግን ከዚያ በላይ ይግላል። ድስቱ ወለል ላይ የተኛው ድንጋይ ከታች በኩል ቶሎ ይግላል፤ መሃሉ ገና ቀዝቃዛ ነው። የታፈነው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ፣ ድንጋዩም ባልተስተካከለ ሙቀት ሲለጠጥ፣ ይሰነጠቃል። ምድጃ ወይም ኦቨን ውስጥ መክተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እዚያ ሙቀቱን የሚገታ ውሃ የለም። ስባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ድንጋይ አይቀቀልም፣ አይጋገርም። መምህሩን በዚህ ላይ ቃል አስገባኋቸው።

ድንጋዮቹ ከየት መጡ?

በረንዳው ላይ ጆንያ ዘረጋን። ድንጋዮቹን በመጡበት ቦታ ለየናቸው። ልጁ ሁሉንም ያስታውስ ነበር፤ ያ ብዙ ድካም አተረፈልን።

አንዱ ክምር ከመንገድ ሥራ አጠገብ የተለቀመ ነበር። ሲሚንቶ የተጣበቀበት፣ ሬንጅ የነካው አለበት። እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋንም። ሲሚንቶ ውሃውን ያበላሻል፤ ሬንጅና የመኪና ዘይት ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ሙሉውን ወደ ጎን አደረግነው። ዝገት የሚመስል እድፍ ያለበትን ወይም የብረት ብልጭታ የሚታይበትን ድንጋይም እንዲሁ አደርጋለሁ። ድንጋይ ሞልቷል፤ አጠራጣሪውን መተው አይጎዳም።

ሁለተኛው ክምር ከሐይቁ ዳር የመጣው ነው። ግማሹን ልጁ ከደረቁ ዳርቻ አንስቷል። ግማሹን ጫማውን አውልቆ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ከሥር አውጥቷል። ይህን ስሰማ ትንሽ ደነገጥኩ።

ምክንያቱ ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳርቻ መኖሩ የታወቀ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ የሚባለው ዓይነት። ትሉ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ቀንድ አውጣው ትንሽ ነው፤ ዛጎሉ ጠፍጣፋ፣ እንደተጠቀለለ ገመድ የተጠማዘዘ። ከእሱ የሚወጡት እጮች ውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ የሰው ቆዳ ሲያገኙ በስተው ይገባሉ። እጮቹ ሰው ካላገኙ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ እምብዛም አይቆዩም። የተበከለው ቀንድ አውጣ ግን በሕይወት እስካለ ድረስ ለሳምንታት እጭ መልቀቁን ሊቀጥል ይችላል። ያ ቀንድ አውጣ ከድንጋይ ጋር ሳሎን ውስጥ ገባ ማለት፣ አኳሪየሙን በባዶ እጅ የሚያጸዳው ሰው በየጊዜው እጁን እዚያ ውሃ ውስጥ ይነክራል ማለት ነው።

ስለዚህ ጓንት አድርጌ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ድስት ካልገቡት ከሦስቱ ሥር ቀንድ አውጣ ነበር። አንዱ ድንጋይ ደግሞ ጥላ በሚውለው ጎኑ ላይ የሚያንሸራትት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ እንደ ጀላቲን ያለ ነገር ተለጥፎበታል። ስፋቱ ከጥፍር አይበልጥም። ወደ ፀሐይ ሳዞረው በውስጡ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታዩ። የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። ልጁ እስከዚያ ድረስ እንደ አረንጓዴ ዝቃጭ ነበር የቆጠረው። ጠጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ፀሐይ ላይ ጥለነው ብንረሳው አይደርቅም?" አሉ መምህሩ። እንቁላሉና አልጌው (ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ይደርቃሉ። ቀንድ አውጣው ግን ዛጎሉ ውስጥ ተሸሽጎ ያለ ውሃ ለሳምንታት ሊቆይ የሚችል ፍጡር ነው። ፀሐይ ብቻ አይበቃም። በእጅ ተለቅሞ መውጣት፣ ከዚያ በፍል ውሃ መገደል አለበት።

ልጁ ውሃ ውስጥ ስለገባ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ምርመራው በማግስቱ ቢደረግ ምንም አያሳይም። የቢልሃርዚያው ትል እንቁላል በሰገራ ለመታየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ክረምቱ ውስጥ ተመርምሮ ነጻ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ለሚለቅም ሁሉ የምለው አንድ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሐይቁ በሸሸበት፣ ከደረቁ ዳርቻ ልቀሙ። ልብስና መኪና ከሚታጠብበት ራቁ። የገዳማቱን ደሴቶች ድንጋይ አትንኩ፤ እዚያ ድንጋዩም ባለቤት አለው።

ነጩ ነጥብ

አቼቶ አስመጣሁ። ሎሚም ይሠራል። ሁለቱም ደካማ አሲድ ስለሆኑ ድንጋዩ ላይ ጠብ አድርጎ ማለፍ አይበቃም። ድንጋዩን በምስማር ጭሬ፣ የወጣው ዱቄት ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ዱቄት ቶሎ ይመልሳል። ቡልቅ ቡልቅ ካለ ድንጋዩ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት፣ የኖራ ዘር፣ አለ ማለት ነው። የመኪና ባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ለአንድ ድንጋይ ሲባል እጅ አይቃጠልም።

ጥቁሩ ባዛልት ዝም አለ። የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ከድንጋዮቹ በአንዳንዶቹ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። መምህሩ እነዚህን በተለይ ወደዋቸዋል፤ በጥቁሩ ላይ ኮከብ መስለው ይታያሉ። እነዚህ ነጥቦች የድሮ ቀዳዳዎች ናቸው። በውስጣቸው ያለፈ ውሃ ማዕድን እያስቀመጠ ሞላቸው። ማዕድኑ ኳርትዝ ከሆነ አይጎዳም። ካልሳይት ከሆነ ግን ኖራ ነው።

ሁለቱ በዓይን አይለዩም። በምስማር ይለያሉ። ኳርትዝ ለምስማር አይበገርም፤ ምስማሩ ራሱ ነው የብረት ምልክት ጥሎ የሚያልፈው። ካልሳይት ግን ይጫራል፤ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። አንዱን ድንጋይ ጭሬ አቼቶ ጠብ አደረግሁ። ልጁ በስልኩ ካሜራ አጉልቶ ያዘው። ስክሪኑ ላይ ከነጩ ነጥብ ዙሪያ እንደ አሸዋ የደቀቁ አረፋዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ፈነዱ። ጥቁሩ ክፍል ላይ ምንም የለም። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት መልስ። ሌላኛው ነጭ ነጥብ ያለው ድንጋይ ግን አልተጫረም፣ አረፋም አላወጣም። እሱ አለፈ።

መምህሩ ጠየቁኝ፦ "ትንሽ ኖራ ምን ይጎዳል? ጎልድፊሽ ጠንካራ ነው ትል የለም?" ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ጎልድፊሽ ጠጣር ውሃ፣ ማለትም ኖራና መሰል ማዕድን የሟሟበትን፣ አይጠላም። የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሦች ደግሞ የኖራ ድንጋይ ራሱ ይስማማቸዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ ጎልድፊሽ ደግሞ ብዙ ነው የሚያስወጣው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ መርዛማ ነው፣ ሌላው ብዙም አይጎዳም። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ የውሃው ፒኤች (አሲዳማነቱን የሚለካው ቁጥር፤ ከፍ ሲል አሲዱ ያንሳል) 7 ሲሆን፣ መርዛማው ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወጣል። 9 ላይ ከሢሶ ያልፋል። ኖራ ድንጋይ ቀስ እያለ ሟሙቶ ፒኤቹን ከፍ ሲያደርግ፣ ትናንት ያልጎዳ አሞኒያ ዛሬ ስንጥብ፣ የዓሣውን መተንፈሻ፣ ያቃጥላል። ሰው ደግሞ ውሃው ጥርት ብሎ ስለሚታይ አይጠረጥርም።

ከዓባይ በረሃ የመጡት ሁለቱ

ሦስተኛው ክምር ሁለት ድንጋይ ብቻ ነበር። የመምህሩ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ከዓባይ በረሃ፣ መኪና አቁሞ ያነሳቸው። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያምሩት እነሱ ናቸው። ዓባይ እዚያ ምድሩን እስከ ታች ሰንጥቆ ስላለፈ ከባዛልቱ ሥር ያለው የድሮ ባሕር ድንጋይ ይታያል።

ክሬም ቀለም ያለው፣ ሽርጥርጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ነበር። አቼቶው ሲነካው ድምፅ አሰማ። እሱ በአንድ ጊዜ ተለየ።

ሁለተኛው ነጭ ነው፤ እንደ ሐር ያብለጨልጫል። አቼቶ አፈሰስኩበት። ጭሬም ደገምኩ። ዝም። መምህሩ ፈገግ አሉ። "ይኸውልህ፣ ይህኛውስ አለፈ" አሉኝ። እኔ ግን ክብደቱ ቀለል አለብኝ። በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ጥፍሬ ምልክት ጣለበት።

ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ ነው። ጂፕሰም የሚባለው። የዓባይ በረሃ በዚህም ይታወቃል። ጂፕሰም ካርቦኔት ስላልሆነ አሲድ አያስነሳውም። የአቼቶውን ፈተና በሰላም ያልፋል። ውሃ ውስጥ ግን ይሟሟል፤ 1 ሊትር ውሃ 2 ግራም ገደማ ያሟሟል። በዚህ ቤት አኳሪየም ልክ ብናሰላው ከ200 ግራም በላይ ነው። ፒኤቹን አይነካም፤ የውሃውን ጠጣርነት ግን ከመጠን በላይ ያወጣዋል።

ብዙ ሰው አቼቶን እንደ መጨረሻ ዳኛ ያየዋል። አቼቶ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጥፍር የሚጭረው ድንጋይ አኳሪየም ውስጥ አይገባም፤ ይህን ፈተና ማንም ቤቱ ሆኖ ያለ አንዳች ወጪ ይሠራዋል።

መምህሩ ግን በቃሌ ብቻ አልረኩም። ደስ ብሎኛል፤ መምህር እንዲህ ነው። እንግዲያው ውሃው ራሱ ይመስክር ተባባልን።

ጽዳቱ

ያለፉትን ድንጋዮች በጠንካራ የልብስ ብሩሽ፣ በቧንቧ ውሃ ብቻ ፈገፈግናቸው። ሳሙና የለም፣ ኦሞ የለም። ሳሙና ቀዳዳ ውስጥ ተሸሽጎ ከርሞ አኳሪየሙ ውስጥ ይወጣል። ከየቀዳዳው ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ አወጣን።

ከዚያ ፍል ውሃ። ድንጋዩን እሳት ላይ አይደለም የምንጥደው፤ ውሃው ለብቻው ይፈላል። ድንጋዮቹን አስቀድመን ለብ ባለ ውሃ አሞቅናቸው፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ በድንገት የሚንተከተክ ውሃ ሲወርድበት ይሰነጠቃልና። ቀጥሎ በብረት ባልዲ ውስጥ ፍል ውሃ አፈሰስንባቸው፤ እስኪቀዘቅዝ ተውነው፤ ደገምን። ለደረቅ ዳርቻ ድንጋይ ይህና ብዙ ቀን ፀሐይ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከውሃ ውስጥ ለወጡት፣ ቀንድ አውጣና አልጌ ለነበረባቸው፣ በረኪና ጨመርን። ሽታና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ተራ በረኪና፤ አንድ ኩባያ ለሃያ ኩባያ ውሃ። ደጅ፣ አየር ባለበት፣ ጓንት አድርገን፣ አንድ ሰዓት ያህል። በጣም ቀዳዳማ የሆኑትን ግን አልነከርኳቸውም። በረኪና ይጠጣሉ፤ መልሶ ማውጣቱ ጣጣ ነው። እነሱን በፍል ውሃው ብቻ ደጋግሜ ተውኳቸው።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ። አቼቶ ወይም ሎሚ የነካው ድንጋይ በደንብ ሳይለቀለቅ በረኪና ውስጥ አይገባም። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ይጎዳል። ዝግ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። የሞከርንባቸውን ድንጋዮች ለዚህ ሲባል አጥበን፣ አድርቀን፣ በማግስቱ ነው ወደ በረኪናው ያስገባናቸው።

ከበረኪና በኋላ በየቀኑ ውሃ እየቀየርን ዘፈዘፍናቸው። ሽታው ሲጠፋ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። መጨረሻ ላይ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ያለበት ውሃ ውስጥ አሳደርናቸው። ጥቂት ክሎሪን ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለዓሣ ስንጥብ ግን ብዙ ነው።

ባልዲዎቹ መሰከሩ

የቧንቧ ውሃ ቀድተን ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አሳደርነው። ከዚያ ሦስት ባልዲ ላይ አካፈልነው። አንዱ ውሃ ብቻ። አንዱ የጸዱት ባዛልቶች ያሉበት። አንዱ ያ ነጭ የሐር ድንጋይ ያለበት። ከድነን ለሁለት ሳምንት ያህል ተውናቸው።

በመመርመሪያ ወረቀት ስንለካ የባዛልቱ ባልዲና ባዶው ባልዲ ቀለማቸው አንድ ሆነ። በነጩ ድንጋይ ባልዲ የፒኤቹ ቀለም ምንም አልተለወጠም፤ የጠጣርነቱ ግን ወረቀቱ ከሚያሳየው የመጨረሻ ቀለም ደረሰ። ድንጋዩም ጠርዙ ለስልሶ ወጣ። መምህሩ ወረቀቱን ከብርሃን ፊት ይዘው አዩት። "ገባኝ" አሉ።

ወረቀት የሌለው ሰው በሳሙና ማወዳደር ይችላል። ከእያንዳንዱ ባልዲ እኩል ውሃ በጠርሙስ ይቅዳ፤ እኩል የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሮ ይናጥ። ጠጣሩ ውሃ አረፋ እንቢ ይላል። የተሞከረበት ውሃ ግን ይደፋል።

ስናስገባ ያረጀ የሴት ስቶኪንግ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ጎተትን። ስቶኪንጉን የያዘ ጠርዝ የዓሣ ቅርፊትም ይይዛል፤ በሌላ ድንጋይ አሽተን አለዘብነው። ባዛልት ከባድ ነው፤ ድፍኑ በሊትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለዚህ መስታወቱ ላይ ስስ ፎም አነጠፍን። ትልልቆቹን መጀመሪያ እሱ ላይ አስቀመጥን፤ አሸዋው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ጎልድፊሽ አሸዋ ይቆፍራል። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩ ሲቆፈር ይወድቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን አላስገባንም፤ በየጥቂት ቀኑ እየጨመርን ዓሦቹን አየን። ውሃው ላይ አፋቸውን አውጥተው አየር መሳብ ወይም ክንፋቸውን አጣብቀው መቆም ቢጀምሩ ድንጋዩ ወጥቶ ከውሃው ሢሶው ይቀየር ነበር። ያ አልመጣም። ድንጋዩ ላይ ቡናማ ስስ ሽፋን ወጣ፤ ይህ በአዲስ ድንጋይ ላይ የተለመደ ነው።

የኖራው ድንጋይ በረንዳው ላይ የአበባ ማሰሮ አጠገብ ነው። ነጩ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ቀረ። ልጁ የተረፉትን ድንጋዮች ወደ ሐይቁ ሊመልስ ፈለገ። አንድ ቀን ጎልድፊሾቹ ሲያድጉም እዚያው ሊለቃቸው አስቧል። ድንጋዩ አኳሪየም ውስጥ ካልገባ ይመለስ፤ ችግር የለም። የገባው ግን እርጥብ እያለ አይመለስም፤ የአኳሪየሙ ውሃም ሐይቁ ውስጥ አይደፋም፤ ግቢው ውስጥ ላለው ዛፍ ይሁን። ዓሣው ደግሞ ፈጽሞ አይለቀቅም። ጣና ውስጥ 15 ገደማ የሚሆኑ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከውጭ የመጣ እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በዚህ ሐይቅ ላይ ምን እንዳደረሰ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ልጁም ያውቅ ነበር፤ ጎልድፊሹን ከዚያ ጋር አያይዞት ግን አያውቅም። አኳሪየሙ ሲጠብባቸው ለሌላ ዓሣ አርቢ እንሰጣቸዋለን ብለን ተስማማን።